ሆዳቸውን ገልብጬ

ደንበኛ የሚያየው የስኪውን ጀርባ፣
ቀለሙን፣ ሥዕሉን፣ ያማረውን ካባ፤
እኔ ግን ገልብጬ ሆዱን ነው የማየው፣
የዋለበት ተራራ በዚያ ነው የሚለየው።

ትብሊሲ፣ ምድር ቤት፣ ከዳቦ ቤቱ ሥር፣
በሠላሳ ዓመቴ የከፈትኩት በር፤
አንድ ካውያ፣ ሁለት ሞረድ፣ የሰም ፍርፋሪ፣
ሐሙስ ማታ ሲሆን ሦስት ተከራካሪ።

ኤልጉጃ ይጀምራል፣ ጓንቱን ሳያወልቅ፣
«ከጉዳውሪ ወዲያ ምን አለ?» ሲል፣ ሳይስቅ።
«ዛፍ የለ፣ አጥር የለ፣ ሁሉም ነው ገላጣ፣
ሰው ራሱን አያውቅም እዚያ ላይ ሳይወጣ!»

ስኪውን አዞርኩት።
ከጫማው ማሰሪያ በታች ሦስት ጭረት፣
ጥልቅ ናቸው፣ ጥፍር ይገባባቸዋል።
ንፋስ በረዶውን ጠርጎ ያስቀረው ድንጋይ ነው።
ይህን ኤልጉጃ አይናገርም።

ናዚብሮላ ደግሞ ሻርፏን እያጠፈች፣
«ንፋስ የሚወድ ሰው ጣሪያ ላይ ይውጣ» አለች።
«ባኩሪያኒ ጥድ አለ፤ ጥድ ንፋስን ያውቃል፣
በረዶውን በክንዱ ታቅፎ ይጠብቃል።
ቁልቁለቱ ትሑት ነው፣ ልጅ አያስደነግጥ፣
ትንሿ ባቡርም ታዘግማለች እንጂ አትሮጥ።»
ዕድሜዋን በሙሉ ፊዚክስ አስተማረች፣
ፍጥነትን በሰሌዳ ብቻ የወደደች።
ከእሷ ስኪ ሆድ ላይ የጥድ ሙጫ አለ፣
በነዳጅ ካልሆነ ከቶ ያልተነቀለ፣
መርፌ ቅጠል ይዞ፣ ሽታው የማይለቅ፣
እስከ እሑድ ድረስ ከእጄ የማይርቅ።

ቺቺኮ ግን ስቫን ነው፤ ስቫን አይቸኩልም፣
ሁለቱ እስኪደክሙ አንዲት ቃል አይልም።
ከዚያ በኋላ፦
«እናንተ ያያችሁት ኮረብታ ነው።
ሜስቲያ ሂዱ። ከድንጋይ ግንቦቹ መሐል አድራችሁ፣
ኡሽባ በሁለት ቀንዱ በማለዳ ሲያያችሁ፣
ያኔ መንሸራተት ሳይሆን ፈቃድ መጠየቅ ነው።»
«መንገዱስ?» ትላለች ናዚብሮላ።
«ዘጠኝ ሰዓት።»
«ሲዘጋስ?»
«ሲዘጋ ይዘጋል። ዘመድ ቤት ታድሪያለሽ።»

የቺቺኮ ስኪ ግን ጭረት የለበትም፤
ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ሰሜም አልተነካም።
እሱም ያውቃል፣ እኔም። አልተነጋገርንም።

ባለፈው ሐሙስ ናዚብሮላ ወደ እኔ ዞረች፦
«ጁምበር፣ አንተስ? አንዱን ምረጥ» አለች።
ካውያው እጄ ላይ ነበር፤ ሰሙ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
«ወጥቼ አላውቅም» አልኩ።
ኤልጉጃ ሳል መጣበት። ቺቺኮ መስኮት ፈለገ፣
ምድር ቤት ግን መስኮት የለውም።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሲሄዱ ሲመለሱ፣
ሰሙ ከእኔ ነበር፣ ወርቁ ግን የእነሱ።

ቅዳሜ ይዛኝ ሄደች፣
የወንድሟን አሮጌ ስኪ አውሳኝ።
የልጆች መማሪያው ላይ፣ ገመድ ይዘው ከሚጎተቱት መሐል፣
ወደቅሁ። ተነሣሁ። ወደቅሁ።
ሁለት የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ፒክሪያ የምትባል፣
ቆማ አየችኝ፣ እንደ ሐኪም፦
«አባባ፣ ጉልበትህን እጠፍ።
እግርህን አትይ፤ የምትሄድበትን እይ።»
የምሄድበትን አየሁ። ጥድ ነበር።
አሥራ ሁለት ሜትር ሄድኩ፤ ምናልባት አሥር።

ማታ ምድር ቤት ገብቼ ስኪውን ገለበጥኩ፦
አንዲት ጭረት፣ ቀጭን፣ የጣት ርዝመት፣
ከጥዱ ሥር ጠጠር ላይ ያገኘኋት።
ካውያው ጋለ። ሰሙም ቀለጠ።
ሌላውን ሁሉ ቀባሁ፤ እሷን ዘለልኳት።

ሐሙስ መጡ። ኤልጉጃ ጓንቱን ገና ሳያወልቅ፣
«ከባኩሪያኒ ወዲያ ምን አለ?» አልኩ፣ ሳልስቅ።